ቤታቸው መኪናቸው ለሆነ ሹፌሮችና ቤት ሆነው ለሚጠብቋቸው



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ አኗኗር ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ አሁን ጊዜ ከሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት።

ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖር እህታችን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። እዚያ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ጡረታ የወጡ፣ ፒክአፕ መኪናቸው ላይ አልጋና ወጥ ቤት ያለው ተሳቢ አያይዘው ዓመቱን ሙሉ እየተዘዋወሩ ይኖራሉ። ባለቤቷ እንዲህ መኖር አምሮት "ለጤናችን እንዴት ነው?" ትለኛለች። ለእሷ መልሴን ሰጥቻለሁ። ጥያቄውን ሳነብ ግን ወዲያው የመጡብኝ የኛው ሰዎች ናቸው። እኛም አገር ተሳቢ እየጎተቱ መኪና ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ለመዝናናት ብለው አለመሆኑ ነው፤ እንጀራቸው ነው።

እኔ የምሠራው ጉለሌ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያም ወደ ጎጃም የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች እያቃሰቱ ዳገቱን ሲወጡ ድምፃቸው ቤት ድረስ ይሰማል። በዚህ በኩል ወደ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ደጀን፣ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። በሌላው በኩል ደግሞ በአዋሽና በሚሌ አድርገው በጋላፊ ጅቡቲ ይገባሉ። ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የምንበላው ዘይት፣ የምንውጠው መድኃኒት፣ የልጆቻችን ደብተር፣ አብዛኛው አንድ ሹፌር ጋቢና ውስጥ እያደረ ያመጣልን ነው።

አጎቴ ከ20 ዓመት በላይ ተሳቢ ነድቷል። ልጅ ሆኜ ጋቢናውን ሳይ ይገርመኝ ነበር። ከወንበሩ ኋላ ፍራሽ፣ ጋቢ፣ ፔርሙዝ፣ ትንሽ ጀበና፣ የእመቤታችን ሥዕል። ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው። ቤቱ ነበራ! በወር ከእኛ ጋር የሚያድርበት ሌሊት በጣት ይቆጠር ነበር።

ለዚህ ነው ሹፌር ታካሚ ሲመጣ ከሌላው ሰው የተለየ ጥያቄ የምጠይቀው። "ምን ያምዎታል?" ከማለቴ በፊት "ትናንት የት አደሩ?" እላለሁ። የሹፌር ሕመም ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

1. እንቅልፍ

ከሁሉ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ከግፊትም ከስኳርም በላይ ፈጥኖ የሚገድለው እሱ ስለሆነ ነው።

በጥናት የተረጋገጠ ነገር ልንገራችሁ። ሳይተኛ 17 ሰዓት የቆየ ሰው አነዳዱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። 24 ሰዓት ከሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ እንዳለበት። ማለት ጠብታ ሳይቀምስ ሰክሯል ማለት ነው። ችግሩ የሰከረ ሰው ይሸታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን አይሸትም። ራሱም አያውቀውም።

ዓይን ሳይከደን እንኳ አንጎል ለሦስት ለአራት ሰከንድ ድርግም ይላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በአራት ሰከንድ ወደ 90 ሜትር። ያን ሁሉ መንገድ መኪናውን የሚነዳው ሰው የለም።

ሰውነታችን በተፈጥሮው የሚደክምባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት እና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። መርጣችሁ መተኛት ከቻላችሁ በእነዚህ ተኙ።

ስለ ጫትም ሳልናገር አላልፍም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙ ሹፌር የሚቅመው ሱስ ይዞት ብቻ ሳይሆን እንቅልፉን ለማባረር እንደሆነ አውቃለሁ። ጫት ግን እንቅልፍን አይከፍልም፤ ዕዳውን ያስተላልፈዋል እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሰውየው ያን ጊዜ መሪ ላይ ነው። በዚያ ላይ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይም ለስኳር በሽታ በር ይከፍታል።

የሚሠራው ዘዴ ይኸውና፦ እንቅልፍ ሲጫናችሁ ደህና ቦታ አቁሙ፣ አንድ ሲኒ ቡና ጠጡ፣ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም በሉ። ቡናው ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት ስትነሱ እሱም ይነሳል። ይህ ግን ለጊዜው ብቻ ነው፤ የሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

ሚስቶች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ባለቤታችሁ ቤት ሲያድር በኃይል ያንኮራፋል? በመሀል ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደታነቀ ሰው ይባንናል? ቀን ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል? ይህ የድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። በእንቅልፍ ጊዜ የአየር ቧንቧ የሚዘጋበት ሕመም አለ፤ ይታከማል። እሱ ተኝቶ ስለሆነ አያውቀውም፤ የምትመሰክሩለት እናንተ ናችሁ።

2. ደም ግፊት

አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ የተሳቢ ሹፌር ነው። ለሳምንት ራስ ምታት አልለቀው ሲል ሚስቱ ጎትታ አመጣችው። ግፊቱን ስለካው 190 በ115። አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። እሱ ግን ሰዓቱን ያያል።

"ዶክተርዬ፣ ጭነቱ ተጭኗል። ዛሬ ማታ ወደ ባሕር ዳር እወጣለሁ። መድኃኒቱን ስጪኝና ስመለስ እንነጋገራለን።"

እኔም ጠየቅኩት፦ "ጋሼ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ እየወረዱ ፍሬኑ መሽተት ቢጀምር ምን ያደርጋሉ?"

"አቆማለሁ። እስኪበርድ።"

"ጭነቱ ቢቸኩልስ?"

ዝም አለ።

የዓባይን በረሃ የወረዳችሁ ታውቃላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። አጎቴ እንደሚለው ዳገት ላይ መኪናው ተሳቢውን ይጎትታል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው ነው መኪናውን የሚገፋው። ሙያ ያለው ሹፌር ፍሬን ላይ ቆሞ አይወርድም። ገና ከላይ በከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑ ከጋለ አይዝምና።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። ልብ ሞተር ናት፤ ግፊት ደግሞ ከልክ ያለፈ ጭነት። ሞተሩ ሳያማርር ዓመታት ይጎትታል። ከዚያ አንድ ቀን የአንጎል ደም ሥር ይፈነዳል፣ ወይም ልብ ይደክማል፣ ወይም ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ክኒኑ ፍሬን ነው፤ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆም፣ መራመድና መተኛት ደግሞ ማርሹ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ቁልቁለቱን አያወርድም።

ሰውየው ስልክ ደወለ። ባለመኪናው ካልወጣህ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጉዞ የቀረበት ሹፌር አበሉ ብቻ አይደለም የሚቀርበት፤ መኪናውም በዚያው ሊቀር ይችላል። ሦስት ልጆች የሚያስተምር አባት ነው። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚስቱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ። ሲመለሱ የተናገረችው እሷ ናት፦ "ልጆቹ የሚጠብቁት አበሉን ሳይሆን እሱን ነው።"

ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጠ። ግፊቱን በሁለት ዓይነት መድኃኒት ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ወሰደብን። መኪናውን ግን አላገኘም፤ ሌላ ሰው ይዞት ቀረ። አንድ ወር ከግማሽ ያህል ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ እየሸጠች፣ በኋላ ሌላ ባለንብረት ቀጠረው። ዛሬ ይሠራል። ክኒኑን የሚያስቀምጠው መንጃ ፈቃዱን የሚይዝበት ቦርሳ ውስጥ ነው።

በአሜሪካ መመሪያ ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር እስኪወርድለት ድረስ መንዳት አይፈቀድለትም። ግፊቱ ደህና የሆነውም ቢበዛ በሁለት ዓመት አንዴ ይመረመራል። እዚያ ያላችሁ ሹፌር ወንድሞቻችን፣ ካርዱን ለማግኘት ስትሉ በምርመራው ሳምንት ብቻ ክኒን የምትውጡ አላችሁ፤ እባካችሁ ሙሉውን ዓመት ውጡት። እዚህ ያላችሁ ባለንብረቶችም አንድ ነገር አስቡልኝ፦ የታመመ ሹፌራችሁን ለሁለት ሳምንት ብታሳርፉት ከመኪናው፣ ከጭነቱና ከሰው ሕይወት ይረክሳል።

"መድኃኒቱ ሽንት ያበዛብኛል፣ መንገድ ላይ አስቸገረኝ" ብላችሁ አታቋርጡ። ለሐኪማችሁ ሹፌር መሆናችሁን ንገሩ፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል።

3. ስኳር ያለባችሁ

መሪ ላይ ስኳር መውረድ ከመብዛቱ ይልቅ ያስፈራል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ምግብ ሳትበሉ አትንዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ብሉ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወዲያው አቁማችሁ ስኳር ወይም ለስላሳ ውሰዱ። ሲሻላችሁም ወዲያው አትነሱ፤ በልታችሁ፣ ደግማችሁ ለክታችሁ፣ ቢያንስ 45 ደቂቃ አርፋችሁ ነው።

ኢንሱሊን ሙቀት ይገድለዋል። የአፋር በረሃ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ኢንሱሊን ውሃ ሆነ ማለት ነው። ውሃ በያዘ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ወይም በረዶው በማይነካው ማቀዝቀዣ ሳጥን ይያዝ።

4. መቀመጥ፣ ውሃና ሽንት

በየሁለት ሰዓቱ አቁሙ። ጎማውን ስትፈትሹ መኪናውንና ተሳቢውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሩ፤ ለጎማውም ለእግራችሁም ነው። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከታመመ ወጌሻ ጋር አትሂዱ፣ አታሹትም። ደም የረጋው ተነስቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል በፍጥነት።

"ሽንት እንዳያስቸግረኝ ውሃ አልጠጣም" የሚል ሹፌር ብዙ አያለሁ። በረሃ ላይ እንዲህ ሲኖር ኩላሊት ጠጠር ይሠራል። ሽንታችሁ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ ጎድሏችኋል።

5. ከሰል ጋቢና ውስጥ

ይህን እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ደጋ ላይ፣ ጣርማ በርም ሆነ ሱሉልታ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን ጋቢና አስገብቶ መስኮት ዘግቶ የሚተኛ አለ። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ሰውየው እንደተኛ ይቀራል። የሚመጣው ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ ነው፤ ሹፌሩ ግን "ደከመኝ" ብሎ ይተኛል።

ፍም፣ ቡታጋዝም ሆነ ሞተር እየሠራ ባለበት ዝግ ጋቢና ውስጥ መተኛት የለም። ብርድ ልብስ ጨምሩ። ቡና ማፍላት ካማራችሁ ውጭ አፍሉ። ሰው እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት በሩን ክፈቱ፣ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ሆስፒታል አድርሱት። አሜሪካ ላለችው እህታችንም ቀዳሚ መልሴ ይኸው ነበር፤ በቤት ተሳቢው ውስጥ የዚህን ጋዝ ጠቋሚ ሳትገጥሙ አንድ ሌሊት እንዳታድሩ።

6. ትኩሳትና ሳል

አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ስለ ወባ ላያስብ ይችላል፤ ሐኪሙም እንዲሁ። ስለዚህ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ "ከአፋር ተመልሻለሁ"፣ "መተማ ነበርኩ"። ወባ ከተነደፋችሁ በኋላ አንድና ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ አንደኛው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የሁለቱ ሕክምና ይለያያልና ባለፈው የተረፈ ክኒን አትዋጡ፤ ተመርመሩ። ከመኪናው ሥር ወይም ጭነት ላይ የምትተኙ ረዳቶች፣ አጎበር ይዛችሁ ውጡ።

ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጉ። ሹፌርና ረዳት ወራት ሙሉ አንድ ጠባብ አየር ነው የሚተነፍሱት፤ አንዱ ከታመመ ሁለተኛውም ይመርመር። ሕክምናው ነጻ ነው። የጉለሌ ሰው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን ከድሮ ጀምሮ በዚሁ ያውቀዋል፤ ለመጀመር ግን በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል።

7. የማይወራው ጉዳይ

ረጅም መንገድ፣ ብቸኝነት፣ ቤርጎ። ሐሜት አልፈልግም፤ ጤና ነው የማወራው። ኮንዶም ይኑራችሁ። ኤችአይቪ ተመርመሩ፤ ጤና ጣቢያ ላይ በነጻ ነው። ያለ ኮንዶም የሆነ ነገር ቢኖር ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። በደሙ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግንኙነት ወደ ሚስቱ አያስተላልፍም። ለጉዞው የሚበቃ መድኃኒት ቀድማችሁ ውሰዱ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላልና ትርፍ ያዙ።

8. ልጆቹ

ክረምት ሲመጣ እናቶች ይጠይቁኛል፦ "ትምህርት ተዘግቷል፣ ልጁ አብሬው ልሂድ እያለ ያለቅሳል፣ አባቱም ይፈልጋል፤ ልላከው?"

እኔም አጎቴን እንዲህ ለምኜ አውቃለሁ፤ ስሜቱ ይገባኛል። መልሴ በዕድሜና በመንገዱ ይወሰናል። ቀበቶ በአግባቡ የማይዘው ትንሽ ልጅ ጋቢና ውስጥ ቦታ የለውም፤ ጭን ላይ መያዝ ጥበቃ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ወባ ወዳለበት ቆላ ለሽርሽር አትላኩ፤ በእነሱ ላይ ወባ በአንድ ቀን ይከፋል። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ በቀን፣ በአጭር ጉዞ፣ ሰላም በሆነ መንገድ ይሂድ። በቆመ መኪና ውስጥ ግን ለአምስት ደቂቃም ብቻውን አይቀመጥ፤ የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል።

ሕፃን ይዛችሁ በአውቶቡስ ዓባይን ስትወርዱ ድንገት ካለቀሰ ጆሮውን ደፍኖት ይሆናል። ጡት ስጡት፤ ሲውጥ ይከፈትለታል። ተለቅ ላለው ማስቲካ ወይም ውሃ።

አባት በሌለበት ቤት ልጆች ሌሊት ሊባንኑ፣ አልጋ ሊያርሱ ይችላሉ። አትቆጧቸው። አባቶች፣ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ደውሉ። "ደርሻለሁ" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ "ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ሆነ?" በሉ። ሁለት ደቂቃ ለእናንተ ትንሽ ናት፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ይዟት ይውላል።

9. ያዩትን ይዘው ለሚመለሱ

በዚህ ጥቂት ዓመት በየመንገዱ ሹፌሮች ብዙ ነገር አይተዋል። ተተኩሶባቸዋል፣ ታግተዋል፣ ባልደረባቸውን ቀብረዋል። ቤት ሲመለስ የሚደነግጥ፣ በቅዠት የሚነቃ፣ በትንሹ የሚቆጣ፣ ዝም የሚል ባል ካላችሁ ጠባዩ ተበላሸ ብላችሁ አትተዉት። ይህ ሕመም ነው፣ መድኃኒትም ምክርም አለው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው "ያበደ" ብቻ አይደለም።

ጋቢና ውስጥ ምን ይኑር?

- የሚወሰድ መድኃኒት፣ ከጉዞው ቀን በሦስት አራት ቀን የሚበልጥ
- በቂ ንጹሕ ውሃና የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ሁለት ሦስት ፓኬት
- ስኳር ወይም ብስኩት
- አጎበርና ብርድ ልብስ
- ፋሻ፣ ጓንት፣ የቁስል ማጠቢያ
- ሕመማችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒትና የሚስታችሁ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት፣ መንጃ ፈቃዱ ውስጥ

ከጉዞ ወደ ቤት የገባ ሹፌር በቤታችሁ ካለ ነገ ከመውጣቱ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ግፊቱን ያስለካ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ካልሄደላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ በስልኩ ላኩለት፤ ወረፋ ላይ ቆሞ ያነበዋል።

በመንገድ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በሰላም ግቡ።